አምስት ሱቅ፣ አንድ ዋጋ

ሊዬዥ ላይ ይዘንባል ሳምንቱን በሙሉ፤
ጀልባዎች ያልፋሉ አሸዋ እንዳዘሉ።
የወንዙ ስም ደግሞ፣ ላገሬ ሰው ጆሮ፣ ሙዝ ይመስላል ሲሉት፤
የዕለቱም ትምህርት ስለ ሙዝ ሆነና፣ ብቻዬን ሳቅሁበት።

"ሙዝ ለብቻው ገበያ ነው?" ብለው ጠየቁ መምህሩ፣
"ወይስ ከፖም፣ ከብርቱካን፣ ከወይን ጋር ነው ማኅበሩ?
አምስት በመቶ ቢጨመር ማን ይሄዳል? ማን ይቀራል?
መሄጃ ያጣ ከቆመበት የገበያው አጥር ይሠራል።"

ሁለተኛ ዲግሪ ማለት፣
መቶ ገጽ ውሳኔ፣ በፈረንሳይኛ፣ ላንድ ሌሊት፤
ራስጌ መዝገበ ቃላት፣
ግርጌ፣ ሲሻው የሚሞቅ ብረት።
ራዶስቲና፣ የፕሎቭዲቭ ልጅ፣
በሦስት ቀለም አስምራ ስትጨርሰው ገጹን፣
እኔ ገና እፈልጋለሁ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ግሡን።

በኅዳር ካርቴል ላይ ደረስን።
"ማስረጃው ትንሽ ነው" አሉ ሙሴ ዴልቮ፣
"አንዳንዴ ደረሰኝ ነው፣ አምስት ሰው የበላበት፣
ጥጉ ላይ በእርሳስ ቁጥር የተጻፈበት።"
ያኔ ነው አባቴ
ሳይጠራ፣ ሳያንኳኳ፣ የገባው ከክፍሉ፤
ቆቡን እያራገፈ፣
የሚስማር ዘይት ዘይት እየሸተተ አካሉ።

ኮምቦልቻ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ፣
አምስት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረ፤
የሸህ ኑርዬ፣ የአቶ ወንድይፍራው፣
የሁለቱ ወንድማማቾች ሁለት፣ የኛ።
ሰኔ ሊገባ ሲል፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣
ከኛ ሱቅ ጓዳ ይሰበሰባሉ፤
ሻይ ይታዘዛል፣ ሳጥን ይገለበጥና ይቀመጡበታል፣
"ዘንድሮስ ስንት እንበል?" ይባባላሉ።
የምጽፈው እኔ ነኝ፣ አራተኛ ክፍል፤
ጽሕፈቴ ያምር ነበር፤
በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ፣
አምስት ጊዜ፣ አንድ ቁጥር።

ወይዘሮ ትብለጥን፣ ክረምት የቀደማት፣
ካንዱ ሱቅ ወዳንዱ ስትሻገር አየኋት።
አምስቱንም ዞራ
ከመጀመሪያው ደጅ ተመልሳ ቆመች፤
መቀነቷን ፈታ፣
ሃያ አምስት አስባ ሃያ ገዝታ ሄደች።
የጎደለውን ጣራ፣ በጓሮ በኩል ያለውን፣
በላስቲክ ሸፈነች።
ነፋስ በመጣ ቁጥር ላስቲኩ ሲጮኽ
ከመኝታዬ እሰማው ነበር፤
ለካስ እሷ ኖሯል፣ የቆመችበት፣
የገበያው አጥር።

እሑድ ስደውል፣ "ምን ነበር ያልሽኝ ትምህርቱ?"
"የንግድ ውድድር ሕግ፣ አባባ።"
"ውድድር?" ሳቀ፤ ሳሉ አቋረጠው።
"እኛ እኮ ልጄ ተወዳድረን አናውቅም፣
ተከባብረን እንጂ፤
አንዱ ያንዱን ጉሮሮ አልዘጋም።
ሸህ ኑርዬ ሐዘን ሲቀመጡ ሱቃቸውን ማን ጠበቀ?
የወንድይፍራው እቃ ሲቃጠል፣ ከያንዳንዳችን መጋዘን አይደል ወይ ያወጣነው?
አንቺስ ብትሆኚ፣
እዚያ ድረስ የሄድሽው በምን ሆነና ነው?"

ካርዱ አላለቀም። መስመሩም አልተቋረጠ።
እኔ ነኝ ዝም ያልሁት።

ይህ ሕግ ምሕረት አለው፤ ቀድሞ ለተናዘዘ፤
ለሁለተኛው ይቀነሳል፣
ኋላ ለደረሰ ግን ቅጣቱ ሙሉ ነው፣ የታዘዘ።
የኮረብታውን ደረጃ ስወጣ፣ በዝናብ፣
"ካምስቱ ማን ይቀድም ነበር?" እላለሁ እየቆጠርሁ፤
ሦስቱ ከአፈር በታች ናቸው። አንደኛው ረስቷል፣ ሰው አይለይም።
አባቴ አይናዘዝም፤ ያጠፋ አይመስለውም።
ማን ቀረ?
ጸሐፊዋ።

ጥር ላይ፣ በረዶ እንደ ጨው በተበተነበት ጠዋት፣
ፈተና ላይ መጣ፤ "ስምምነት ምንድን ነው? በምሳሌ አስረዳ።"
ራዶስቲና ሦስት ቀለሟን ደረደረች።
እኔ እስክሪብቶዬን አነሣሁ፤
ሳጥኑን፣ ሻዩን፣ የካርቶኑን ጀርባ፣
ስም ሳልጠራ፣ ከተማ ሳልጠቅስ፣
አንድ ሰዓት ሙሉ ጻፍሁ።
ሙሴ ዴልቮ ባጠገቤ ሲያልፉ ጎንበስ ብለው አዩ፤
አንዳች አላሉም።
ጽሕፈቴ ዛሬም ያምራል።