የውሻ መዝገብ

ማስታወቂያው ወጣ ሐምሌ፣ በደብረ ሲና ጉም መሐል፤
ባጃጅ ላይ የታሰረው ድምፅ ማጉያ እንዲህ ይላል፦
«ውሻ ያለህ ስማ፤ አልሰማሁም አትበል፤
እሰር፣ አስከትብ፣ አስመዝግብ፤ እስከ ዓርብ ይበቃሃል።
ያልታሰረ ውሻ፣ በአንቀጽ ሰባት ሲታይ፣
ባለቤት የለውም፤ ይወገዳል ያለ ከልካይ።»

እኔ የቀበሌው ጸሐፊ፣ የተሰጠኝ አንድ መዝገብ፣
አራት አምድ ያሰመርኩበት፣ በማስመሪያ፣ በደንብ፦
የውሻ ስም፣ ቀለም፣ የተከተበበት ቀን፣
መጨረሻው ላይ ፊርማ፣ «የኔ ነው» ብሎ ለሚያምን።

ሰልፉ ከክሊኒኩ በር እስከ ቆሎ ሻጮቹ ደረሰ፤
ሰውና ውሻ በአንድ ገመድ እየተጓተተ ፈሰሰ።
«ስም?» እላለሁ፣ ቀና ሳልል።
«ምን አገባህ።»
«ስሙን ነው የጠየቅሁህ፣ አቶ ጌጤነህ።»
«ስሙ ነዋ!» ከኋላው ጎረቤቱ ወይዘሮ ብርቄ
ፊቷን አዞረች፤ ገባኝ፤ ጻፍኩ፣ ሳቄን አምቄ።
ተራዋ ሲደርስ ገመዷን ወደ ራሷ ሳበች፤
«የኔን ጻፍልኝ፣ ‹ታያለህ ገና›» አለች።
ስድስት ዓመት ሙሉ በድንበር አጥር የተካሰሱ፣
በውሻ ስም ሲሰዳደቡ፣ ሲጠሩ ሲመልሱ፣
ዛሬ ሕግ አስገድዷቸው ጎን ለጎን ፈረሙ፤
በእኔው የእጅ ጽሑፍ ስድቦቻቸው በሰላም ተጋደሙ።

«ሰው አማረኝ»፣ «ይብላኝላቸው»፣ «ማን ደፍሮ»፣ «አልረሳም»፤
እስከ ቀትር ሠላሳ አንድ፤ አንድ «ቡቺ» እንኳ አልታጣም።

ሕጉ ለምን መጣ አልልም፤ ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤
የአናጢውን የተሰማን ልጅ ባለፈው ጥር ቀብሬያለሁ።
ጭረት ናት አሉ፤ በነጭ ሽንኩርት አሽተው ተዉት፤ ሰነበተ፤
በአርባኛው ቀን ጠበል ወሰዱት፤ ውሃ ሲያይ ጮኸ፤ በማግስቱ ሞተ።
ከዚያ ወዲህ ተሰማ መጋዝ ሲስብ አይናገርም፤
ውሻ ሁሉ ይሙት ቢለኝ፣ ለእሱ መልስ የለኝም።

አንድ ግን ቀረ።
የመናኸሪያው ቀይ ውሻ፣ ጆሮው የተቆረጠ፣
ስንት የአይሱዙ ጎማ በአንድ ስንዝር ያመለጠ።
ባለ ሥጋ ቤቱ ጎሹ «መጣህ?» ይለዋል፣ አጥንት ሲወረውር፤
ዘበኛው አባ መንበሩ «ባልደረባ» ይሉታል፣ አብሯቸው ሲያድር፤
ለቆሎ ሻጮቹ «ሹፌር» ነው፣ መኪና ሲቆም ስለሚቀድም፤
ስም ሞልቶታል፤ የሚፈርምለት ግን የለም።

ጠራኋቸው።
«አጥንት ሰጠሁ እንጂ የኔ ነው አላልኩም» አለ ጎሹ፤
«ነገ ሰው ቢነክስ፣ ካሳው...» ብለው ቆሎ ሻጮቹም ሸሹ።
አባ መንበሩ መሬቱን በከዘራቸው እየጫሩ፣
«እኔም የሰው ደጅ አዳሪ ነኝ፤ ምን ቤት አለኝ?» ብለው ቀሩ።

ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት፣ መዝገቡን ልዘጋ ማኅተሙን አነሣሁ፤
ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ሥጋ ሲከተፍ፣ ዱቄት ሲነሰነስ አየሁ።
አንድ ባልዲ። አንድ ጓንት። ኃላፊው «በጉም ይቀላል» አለ።
ቀዩ ውሻ ከበሩ ማዶ፣ ጭራውን እየቆላ፣ አለ።

ስም፦ «ሁላችሁ»። ቀለም፦ ቀይ። ቀን፦ ዛሬ።
ፈረምኩ፣ ጓሮ የሌለኝ ተከራይ፣ በገዛ ብዕሬ።
አከራዬ ወይዘሮ ትርፌ «ወይ እሱ ወይ አንተ» ስላሉ፣
ከቀበሌው ባንዲራ ምሰሶ አሰርኩት፤ ሲያላዝን አደረ፣ ጎረቤቶች «ማን ሞተ?» እያሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሪው ወደ ገደሉ ሲወርድ ቆጠርኩ፦ አሥራ አንድ፤
መዝገቡን ገለጥኩ፣ ገለጥኩ፤ ለእነሱ የሚሆን የለም አምድ።
ተሰማ በዚያው አለፈ፣ መጋዙን በትከሻው አጋድሞ፤
አየኝ፤ ምን እለዋለሁ? ዝም እኔ፣ ዝም እሱም ደግሞ።

ቀዩን ይዤ ወደ መናኸሪያው፤ ገመድ አልለመደም፣ ይጎትተኛል፤
አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ከነነፍሴ ይስበኛል።
አመለጠኝ። «ሁላችሁ!» ብዬ ጮኬ ጠራሁት፤
ጎሹ ከነቢላው፣ ቆሎ ሻጮቹ፣ አባ መንበሩም
ዞሩ። ውሻው ብቻ አልዞረም፤ ስሙን ገና አልለመደም።