ሦስተኛው እጅጌ

«በቤተሰቡ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አለ?»
ብሎ ጠየቀኝ ሐኪሙ፣ ብዕሩን ወረቀት ላይ እንዳዋለ።
እኔ ግን በመስኮቱ፣ ጉም ከጦሳ ሲወርድ፣
ሰፈር በሰፈር ደሴን ጠቅልሎ ሲወስድ፣
የስንቱ ቤት ቆርቆሮ እንደ ተረፈ ስቆጥር፣
አሥራ አንድ ላይ ስደርስ… «ጌታዬ?» አለኝ ዶክተር።
«አቤት? ምን አሉኝ?»

ልጄን አየ። እኔን አየ።
ጥያቄውን ሳይደግም
መልሱን ጻፈ።

ነጅዋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።
እግሯ ከወንበሩ ሥር ሐይቅ ደርሶ ይመለሳል፤
ጣቷ የሹራቧን ክር መዝዞ መዝዞ ይጨርሳል።
በዚህ ወር ብቻ ሁለት ጃንጥላ ጥላ፣
አንድ ጫማም አለ፣ አንድ እግሩን ብቻ፤
የት ወልቆ እንደቀረ ጫማው ራሱ ይወቀው።
መምህርቷ በቀይ እስክሪብቶ ጽፋ ላከችልኝ፦
«ልጅዎ ክፍል ውስጥ አለች፤ ግን የለችም።»

አባቴ ይመር ልብስ ሰፊ ነበር፣ ሰኞ ገበያ፣
ከበርበሬ ተራ ከፍ ብሎ፣ ከወፍጮው ወዲያ።
ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሜትሩን ይፈልጋል፤
መቀሱ ጉልበቱ ላይ ሳለ ወጥቶ መቀስ ይገዛል።
ሲሞት ቆጠርናቸው፤ አሥራ ሰባት መቀስ፣
ግማሽ ሱሪ፣ ግማሽ ኮት፣ ያላለቀ ልብስ በልብስ።
ሙሽራው በር ላይ ቆሞ «ሠርጌ ነገ ነው!» እያለ፣
እሱ የጎረቤት ራዲዮ ፈትቶ ብሎኑን ይለቅማል።

አንዴ ለአንድ ሹም ሸሚዝ ሰፋ፣
ሦስት እጅጌ ቆርጦ፣ ሦስቱንም ገጠመ።
የቀኝ፣ የግራ፣ ሌላው ደግሞ… አላህ ይወቀው።
ሹሙ ጮኸ። ገበያው ሳቀ። አባቴም አብሮ ሳቀ።
ማታ ግን በኩራዝ ሲተረትረው አየሁት፤
ክሩን አልነበረም የሚያየው።

እኔን በእንጨት ሜትሩ ይገርፈኝ ነበር፦
«ቀልብህን ሰብስብ!»
የኔ የት እንደ ተበተነ ሳይነግረኝ፣
የሱም የት እንደ ሄደ ሳያውቅ።
ሼሁ ዘንድ ዱዓ ተደረገልኝ፣ ቄሱ ዘንድ ጠበል
(የወሎ ልጅ ሁለቱም አይቀርበትም)፤
ቀልቤ ግን በሁለቱም በኩል ሾልኮ አመለጠ።

ሹፌር ሆንኩ።
ደሴ ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ ደሴ።
ቤት ውስጥ የጣድኩት ድስት እስኪያር እረሳለሁ፤
ሚስቴ የምታወራውን ከመሃሉ እደርስበታለሁ።
ሃረጎ ላይ ግን፣
ጉሙ ጥቅጥቅ ሲል፣ ገደሉ በጎን ሲያዛጋ፣
ከባድ መኪና ከጥምዝምዙ ድንገት ብቅ ሲል፣
ያን ጊዜ ብቻ
የተበተነው ሁሉ ይመጣል፣ እንደ ንብ ወደ ቀፎው፤
ዓለም አንዲት ነጭ መስመር ትሆናለች።
«ጋሼ፣ አንተ በጉም ነው እንዴ የምታይ?»
ይለኛል ረዳቴ።

ሐኪሙ እንዲህ አለኝ፦
«ከወላጅ ወደ ልጅ ይሄዳል። እንደ ቁመት፣ እንደ ዓይን ቀለም።»
ስሙንም ነገረኝ፤ ረጅም ስም ነው፣
ግማሹን ሰምቼዋለሁ።
የቀረው ግማሽ ላይ አባቴ መጣብኝ፤
ሰባ ሁለት ዓመት ስሙ ዝርክርክ ነበር፣
ቀልበ ቢስ ነበር፣
ሌላ ስም እንዳለው ሳይሰማ ሞተ።

ወጣን።
ነጅዋ ቦርሳዋን ከፍታ እርሳሶቿን ቆጠረች፤
የምትይዝበት ያ እጅጌ ነው፣ ሦስተኛው፤
እናቴ አንዱን ጫፍ ሰፍታ ሰጥታት ነበር።
እስከ ዛሬ ያልጠፋባት እሱ ብቻ ነው።

«ቀልብሽን…» ልል አፌን ከፈትኩ፤
ከጉሮሮዬ የወጣው የአባቴ ድምፅ ነበር።
ዘጋሁት።

«አባ» አለችኝ፣ ቁልቁለቱን ስንወርድ፣
«አሥራ አንድ ላይ ነው ያቋረጥኸው።
ከንፈርህ ሲቆጥር አይቸዋለሁ።
እኔ ጉሙ ሳይቀድመኝ አሥራ አራት አደረስኩት።»

እጇን ያዝኩ።
ከአሥራ አምስት ጀምረን ቁልቁል ወረድን፣
የሐኪሙን ወረቀት
እዚያው ጠረጴዛው ላይ ረስተን።