የእርሳስ መቀነት

በሻረንዳይከ መንደር፣ በዜላንድ ዳርቻ፣
ባሕሩ ከቤት ጣሪያ ቁመቱ አቻ ለአቻ፣
መሬቱ ዝቅ ብሎ፣ ግድቡ ከፍ ያለ፣
ክራይን የሚባል አንድ ሽማግሌ አለ።

የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነበር፤ ጉልበቱ ከዳው።
ሚስቱ ሉንቼ ግን፣ በሰባ አንድ ዓመቷ፣
ፀሐይ ሳትጠልቅ ትጠልቃለች፣
ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች።

ችግሩ መቀነቱ ነው።
ስድስት እርሳስ፣ አንዱ ሁለት ሁለት ኪሎ፣
በናይሎን ጠፍር ላይ ተሰክቶ ተንጠልጥሎ፣
በደረቅ ምድር ጨዋ፤ ውሃ ሲነካው ግን
እንደ ሳሙና ያዳልጣል፣
ከዳሌዋ ሸሽቶ ጀርባዋ ላይ ይከማቻል።
ባለፈው መስከረም፣ አሥራ አራት ሜትር ላይ፣
እንደ ኤሊ ገለበጣት።
ወጥታ ምንም አላለች። ጥርሷ ሲንገጫገጭ ሰማን፤
«ብርዱ ነው» አለች።

ክራይን መጀመሪያ የበር ቀለም ቀባው፤
ሁለቴ ጠልቃ ስትወጣ ተፈርፍሮ አለቀ።
ቀጥሎ የብስክሌት ከመነዳሪ፣ ባገሩ ሞልቶ የተረፈ፣
በመቀስ ቆርጦ እንደ ካልሲ አለበሰው።
ያዘ። ግን ጥቁር በጥቁር ውሃ ውስጥ፣ ማን ይለየው?
«ሐዘን አልብሰህ ላክልኝ» አለች፣ «ቢወድቅ በምን አገኘዋለሁ?»

ሦስተኛው ፈሳሽ ጎማ ነው፣ በቆርቆሮ የመጣ፣
የፒንሳ እጀታ የሚነከርበት፣ ሽታው ራስ የሚያዞር፣
ቢጫ፣ እንደ መንገድ ሠራተኛ ጃኬት።
እኔ ፎቃቸው ላይ ተከራይ ነኝ፤ ሽቦ ያዥ ሆንኩ።
በአሸዋ ወረቀት አሻሸን፣ በአልኮል ጠረግን፣
ነክረን፣ እስከ አሥር ቆጥረን፣ ቀስ ብለን አወጣን፤
ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ፣ ከሉንቼ ካልሲ ጎን ሰቀልን።

ጠብታው እስኪቆም ሥራ ስንፈታ ነገርኩት፦
«በእኛ ቋንቋ ይሄ ከባድ ነገርና
ተማሪ የሚጽፍበት ስማቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም እርሳስ።»
ሳቀ። «የእኛም መጻፊያ ይሄንኑ በስሙ ደብቋል፤
የድስት እርሳስ እንለዋለን። የእናንተስ በላጲስ ይጠፋል?»
«ይጠፋል።»
«ይሄ አይጠፋም» አለና ጣቱን አሳየኝ፦ ግራጫ፣
ሃምሳ ዓመት ታጥቦ ያልለቀቀ።

ሲደርቅ ቀዳዳው ጠቦ ጠፍሩ አልገባ አለ።
ሦስቴ መንከር ሲበቃ ክራይን አምስቴ ነክሯል፤
የፍቅር ልኩን ማን ያውቃል?
በቢላ ስንፍቅ አመሸን።

ታጠቀችው። ወገቧን እንደ ልጃገረድ ሰበቀችው።
አንዱም ንቅንቅ አላለም።
ከዚያ ባንድ እጇ መቆለፊያውን ሳበች፤
መቀነቱ ግድቡ ድንጋይ ላይ ዷ!
«ያን ሁሉ ለፍቼ!»
«እንዳይሸሸኝ ለፋህ» አለች፣ «እንዲለቀኝ ደግሞ እኔ ልልፋ።
ሂድ ሲሉት የማይሄድ ክብደት መልሕቅ ይባላል፤
እኔ ጀልባ አይደለሁም።»

በኅዳር አየር መስጫዋ በብርድ ተነከሰ።
አንድ እጅ። አንድ ስበት።
አሥራ ሁለት ኪሎ ቢጫ ወደ ጭቃው ወረደ፣
እሷ ወደ ሰማይ።
ክራይን ከግድቡ ላይ ነጭ ፀጉሯን ሲያይ
ስለ እርሳሱ ያነሣው ነገር የለም።

ግንቦት ላይ ውሃው ጠራ። በተዋሰችው መቀነት፣
በሚያዳልጠው፣ ልትፈልግ ወረደች።
ባዶ እጇን ወጣች።
«አጣሽው?»
«አገኘሁት። ተይዟል።»
ቀለም በሆዷ የምትይዘው ሴፒያ፣ የባሕር ጸሐፊ፣
በሦስተኛውና በአራተኛው እርሳስ መካከል
እንቁላሏን አስራበታለች፣ ጥቁር ጥቁሩን፣ እንደ ወይን ዘለላ።

ክራይን ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ፣
«ግን ተንሸራቷል ወይ?»
«አንዱም።»

ወደ ጓዳ ገባ፤ የቆርቆሮው ክዳን ሲነቀል ሰማሁ፤
ሽቦውን ፍለጋ ተነሣሁ።