ሐሞተ ቢስ

ፈሪን በእኛ ቋንቋ «ሐሞት የለው» ይሉታል፤
የእኔን ግን፣ እውነቴን ነው፣ ሐኪም አውጥቶ ጥሎታል።

ፔልቲየር ይባላል። ዊኒፔግ፣ አራተኛ ፎቅ፣
መስኮቱ አመዳይ ለብሶ፣ መንጋቱም የማይታወቅ።
እስክሪብቶ አወጣ፣ ሆድ ሣለ በወረቀት፦
«ሐሞትህ በሙሉ፣ ሲሶው ከጉበት፣
የቆሽትህ ራስ፣ ከአንጀትህም እስከዚህ...»
እሱ ሲያሰምር እኔ ሌላ ሒሳብ ያዝሁ፦
ስናደድ የሚያርረው ቆሽቴ ነው፣
ሳዝን የሚላወሰው አንጀቴ ነው፣
የምደፍረውም በሐሞቴ ነው፤
ይህ ሁሉ ከወጣ የሚነቃው ሰው ማነው?
አስተርጓሚዋ ሰማችኝ፤ አልተረጎመችውም።
ብትተረጉመውስ? እሱ ሥጋ እንጂ ተረት አይቆርጥም።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ፈጀ።
ስንቅነሽ ኮሪደሩ ላይ ሹራብ ስትሠራ ዋለች፤
መቁጠሩን ረስታው ኖሮ፣ እጅጌውን ሁለት ክንድ አደረሰች።
እስከ ዛሬ ጠቅልዬ ነው የምለብሰው።

ሽማግሌው ኮቫልቹክ አልጋው ከአልጋዬ ጎን፣
በሽታው ከበሽታዬ አንድ፤ «ማን ይቀድማል?» እየተባባልን
ውኃ በማንኪያ ስንጠጣ ከረምን።
እሱ በሰኔ ሄደ። እኔ ቀረሁ። ለምን?
ፔልቲየርን ጠየቅሁት። «አላውቅም» አለኝ፤
ስላልዋሸኝ ወደድኩት።

ምርመራው በየሦስት ወር፣ ኋላ በስድስት፣ ኋላ በዓመት፤
ዘንድሮ ዐሥራ ሁለተኛ በረዶዬ ነው።
ከእራት ጋር ሦስት እንክብል፣ ቅባት ካለው አራት፤
ዶሮ ወጥ በዓመት አንዴ፣ እሱንም በፍርሃት።
ጉበቴ ተመልሶ አድጓል፣ ሳይነግረኝ፣ እንደ ጎረምሳ፤
ቆሽቴም በተረፈችው ጭራ ታርራለች፣
አውቶቡስ ባፍንጫዬ ስር ሲያመልጠኝ።
ሐሞት ብቻ አልተመለሰም። ፈሪ ነኝ፣ አዎ፤
የሆስፒታሉ ቁጥር ስልኬ ላይ ሲመጣ ጉልበቴ ይርዳል።
አነሳዋለሁ ግን።

ጠባሳዬ ከደረቴ ሥር ፊደል ነው፦ «ለ»፣
ሁለት እግሩን አንፈራጦ ሆዴ ላይ የቆመ፣
መስታወትም የማይገለብጠው።
ጠዋት ጠዋት ሳነበው
«ለ...» ይልና ያቆማል። ለማን? ለምን?
የሰፋው ሰው ቃሉን አልጨረሰውም።

ዛሬ ሌሊቱን የወረደው ጉልበት ይደርሳል።
አካፋዬን ይዤ፣ ረጅሙን እጅጌ ጠቅልዬ፣
የኮቫልቹክን መበለት ደጃፍ እጠርጋለሁ።
ሦስት ጊዜ አርፋለሁ። ትንፋሼ ነጭ ነው።
በመስኮት እጇን ታነሳለች፣ ቀሚሷን እንኳ አልቀየረችም።
ለደረጃዋ፣ እላለሁ፤
ለዛሬ ይበቃል።