ድልድይ ሁን

አባቴ ኤላዲዮ ግንበኛ ነው፤ «ነበር» ካልኩ ይቆጣል።
የሙሺያ ንፋስ ከባሕር ተነሥቶ ግንቡ ጋ ሲደርስ ይቆማል።
ድርብ ግራናይት፣ መሐሉ ጭቃና ጠጠር፣
ውፍረቱ ክንድ ከስንዝር።
ሠላሳ ክረምት ዝናብ ገረፈው፣
አንዲት ጠብታም አልበሳችው።
ኋላ ቤቱ ሲሰፋ የውጭው ግንብ መሐል ቀረ፣
ወጥ ቤቱን ከመኝታው ለይቶ እንደ ዳኛ ተገተረ።

ዋይፋይም አያልፈው።
ከግንቡ ወዲህ ሞደሙ፣ ምድጃው፣ ሙሉ መስመር፤
ከግንቡ ወዲያ አባቴ፣ አልጋው፣ ስልኩ፣
ስልኩ ላይ የምትዞር ክብ፣
ስትዞር የምታመሽ፣ የትም የማትደርስ።
የልጄ የኢሪያ ፊት ከሮተርዳም ወደብ ይነሣል፣
ስንት አገር አቋርጦ ወጥ ቤታችን ይመጣል፣
ከዚያ ግማሽ አፍ ሆኖ ይደርቃል።
«አያ» ትላለች፤
«ቴ»ው ግንቡ ውስጥ ይቀራል።

ቅዳሜ ከኮሩኛ ካርቶን ይዤ መጣሁ፤
ሦስት ነጭ ነገሮች፣ እንደ ሳሙና የለሰለሱ፣ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ።
አየ። አልነካም።
«ይሄኛውስ?» አለ፣ አሮጌውን ሞደም በአገጩ እየጠቆመ፣
አንድ እግሩ ተሰብሮ በቡሽ የቆመ፣
ጀርባው ላይ የይለፍ ቃሉ በእናቴ እጅ የተጻፈ።
«ሊጣል ነው?»
አይጣልም፣ አባባ። ከመንገድ የሚመጣውን መስመር የሚያውቀው እሱ ነው።
እሱ ከምንጩ ይቀዳል፣ እነዚህ ያዳርሳሉ።
መናገሩን ብቻ ይተዋል፤
ሁለት አፍ ባንድ ቤት ከለፈለፈ ስልኩ የማንን ይሰማል?
«እኔንም ጡረታ ሲያወጡኝ ያሉኝ ይህንኑ ነው» አለ።

ቅንብሩን ከፈትኩ። ከዝርዝሩ ግርጌ አንድ ቃል፦ ድልድይ።
«ድልድይ ሁን ልለው ነው» ብዬ ስነግረው ሳቀ፤
ጥርሱን ካየሁ ቆይቼ ነበር።
«ሁለት ድልድይ ሠርቻለሁ፤
አንደኛው ሁለት በጋ ፈጀ፣ ሁለተኛው ይህቺን ጣቴን።
ሁን ብዬው የሆነልኝ የለም።»
ጫንኩት። ሞደሙ ጠፋ፣ በራ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣
ያለ አንዲት ቃል ድልድይ ሆነ።

የኔትወርኩን ስም አልቀየርኩም፤
ማሬላ፣ እናቴ ያወጣችው፣ በላማችን ስም።
ስሙ ከተለወጠ የቤቱ ዕቃ ሁሉ
እንደ እንግዳ በር ያንኳኳል፣ ቴሌቪዥኑ ሳይቀር።

አንዱን ከሞደሙ ጋር በገመድ አያያዝኩ። አንዱ ደረጃው ላይ ወጣ።
ሦስተኛውን አባቴ ራስጌ አኖርኩ፣
ሕመሙ ያለው እዚያ ነው ብዬ።
ቀይ።
ነቅዬ ሰካሁ። ቀይ።
ሰደብኩት። ቀይ።
ምሳ ቀዘቀዘ፣ ቀይ።

ግንበኛው ተነሣ።
«ሳቤላ፣ ድንጋይ ስንቀባበል
ክንድ ከማይደርስበት የቆመ ሰው ምን ይቀበላል?»
ነጩን ነገር እንደ እንቁላል በሁለት እጁ ያዘ፣
የኤሌክትሪክ ገመዱን ከኋላው እያስጎተተ
አንድ እርምጃ ተመለሰ፣ ሁለት፣ ደግሞ ሌላ፣
ግንቡን በክርኑ እያንኳኳ፣
ልስኑ ድምፁን እስኪለውጥ።

እዚህ መስኮት ነበር።
እናቴ ከወጥ ቤት ሾርባ የምታቀብለው በዚህ ነበር።
በሞተች በሳምንቱ ደፈነው፣
በጡብ፣ ባንድ ረድፍ፣ እሱ በሚንቀው ጡብ።
«ስስ ነው» አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ። «ቸኩዬ ነበር።»
በርጩማ አቀበልኩት።
መብራቱ ቢጫ ሆነ፣ አመነታ፣
ነጭ።

ማታ ኢሪያ ደወለች።
እሱ አልጋው ላይ፣ እኔ ወጥ ቤት፣ እርጥብ ሳህን በእጄ።
«አያቴ» አለች፣ ከነ«ቴ»ው።
ከዚያ ወዲያ የተባባሉትን አልሰማሁም፤
ድምፃቸውን ቀነሱ፣
ግንቡም ለእኔ ያው ግንብ ነው።