ከአጋም የተጠጋ

ሰኞ ከምሳ በኋላ፣ መሐል ቂርያት ጋት፣
ከፋርማሲው አጠገብ፣ ከግሪሻ ፎቶ ቤት፣
በርጩማ ላይ ነኝ፤ ነጭ አንሶላ ለብሼ፣ ከሰው ዓይን ጠፍቼ፣
የአምስት ወሯን አጋምን ከደረቴ አስጠግቼ።

መመሪያው ግድግዳው ላይ በሦስት ቋንቋ ተለጥፏል፤
አማርኛ የለበትም፤ ግሪሻ ግን ተርጉሟል፣
በእጁ፣ በትከሻው፣ በዚያ በታሽከንት ዕብራይስጡ፦
«ሁለት ዓይኗ ይከፈት። አፏ ይዘጋ። ጆሮዎቿ ይውጡ።
ጥላ አይኑር። ጡጦ አይኑር። መጫወቻም አይገባ።
ሌላ ሰው አይታይ። አንተም አትታይ፣ ሳባ።»

ሳባ ማለቱ አያት ነው።
እኔ ግን ንግሥቲቱን የጠራ እየመሰለኝ
ዞር እላለሁ።

ይቺ ሦስተኛችን ናት። የፊተኛዋን መለሰው፣
«ከጆሮዋ ሥር ጣት አለ» ብሎ የዚያ ቢሮ ሰው።
እውነቱን ነው። ጣቴ ነበር፤ ጥቁር፣ አንጓው ያበጠ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የካሮት ሣጥን የገለበጠ።
ሁለተኛዋን ያበላሸች ራሷ ናት፤ ሳቀች።
«የሚስቅ ሰው ድንበር አያልፍም» አሉን፤ ተጣለች።

ስሟን ያወጡት እነሱ ናቸው፣ እናትና አባቷ።
በዕብራይስጥ ሐይቅ ማለት ነው አሉኝ፤ ይሁን፤ ይመርላት።
እኔ የማውቀው አጋም ከአጥራችን ሥር ነበር፣
ፍሬው ከንፈር የሚያጠቁር፣ እሾሁ ሥጋ ውስጥ የሚቀር።
«ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል»
ብዬ ለልጄ ነገርኳት።
«አባዬ፣ ቁልቋል ምንድን ነው?» አለችኝ።
መንገድ ዳር ሳብራ አይታ፣ «ይሄ ነው?»
«የሩቅ ዘመዱ ነው» አልኳት።

አንሶላው ሥር ብርሃኑ ወተት ይመስላል።
የግሪሻ ድምፅ ከወንዝ ማዶ ይመጣል፦
«ወደ ግራ። አገጯን ቀና። እጅህን ደብቅ።
ደብቅ አልኩህ! ትንፋሽህ ጨርቁን ያወዛውዛል፤ ራቅ።»
ወዴት ልራቅ? አንገቷ መዳፌ ውስጥ ነው፣ ገና ያልጠና፤
ትንፋሼን ዋጥኩት፤ እሷን ቀና፣ ቀና።

እኔን ሲያነሱኝ ማንም አልደገፈኝም።
ከአውሮፕላን በወረድኩ ማግሥት፣ የግንባሬ ቁጥር ሙጫው ሳይለቅ፣
አንዲት ወታደር፣ ካሜራ ይዛ፣ «ወዲህ እይ፣ አትሳቅ»፤
የሰው ልጅ ዓይን ለዓይን አላይም ብዬ መሬት መሬቱን አየሁ፤
መታወቂያዬ ላይ እስከ ዛሬ ጫማዬን እየፈለግሁ አለሁ።
የልደት ቀን ሲሉኝ፣ «ክረምት፣ ባቄላው ሲያብብ» አልኩ፤
ዜሮ፣ ዜሮ ብለው ጻፉ፤ እኔም በዜሮ ሸመገልኩ።
የአጋም ግን ደቂቃዋ ሳይቀር ተመዝግቧል።

ወደ ቆጵሮስ ነው የሚወስዷት፣ ለአራት ቀን፣ ለባሕር።
ባሕሩስ አስቀሎናም ነበረ፤ ግን ዝም አልኩ፤ ምን ልናገር።

ቀጭ።

«አለቀ፣ ሳባ፤ ውጣ።» ስክሪኑን አዞረልኝ፦
አጋም ብቻዋን ቁጭ ብላለች ከነጭ ሰማይ መሐል፣
አንገቷ ቀጥ ብሎ፣ ፊቷ እንደ ዳኛ ኮስተር ብሏል።
ጣት የለም። ጥላ የለም። እኔም የለሁም።
እጄ ግን ከጀርባዋ ገና አልተነሣም።

«ዓይንህ ረጥቧል» አለ ግሪሻ። «ላብ ነው» አልኩት፤ አንሶላውን አጣጠፍኩ።
ቁልቋል ብለው የት ያውቃል፤ ሠላሳ ሸቅል ከፈልኩ።