ደግ እጅ

በረዶው ሲለቀው የሶንግኋን ዳርቻ፣
እናቴ ትወጣለች በአካፋዋ ብቻ።
ጓሮዋ ጠባብ ነው፤ ስድስት እርምጃ በአራት፣
ለቅጠል ሽንኩርት ግን ሰፊ አገር ሆኖላት፣
እንደ ባሩድ ጥቁር፣ እንደ ባሩድ ደቃቅ
ፍሬውን ትዘራለች፣
ትንፋሿን ዋጥ አርጋ፣ ነፋሱ እንዳያውቅ።

ሰኔ ላይ ችግኙ ሣር ሲያክል፣ ሲቀና፣
በጥልቅ ቦይ ውስጥ ትተክላለች ጎንበስ ቀና።
ከዚያ በየሳምንቱ አፈር ትመልሳለች፣
እስከ አንገቱ ቀብራ፣ «ይንጣልኝ» ትላለች፤
«ፀሐይ ያላየው ነው ነጩና ጣፋጩ፣
አረንጓዴው ክፍል ወሬ ነው፣ ለደጁ።»
አባቴ በሕይወት ሳለ ቦዩ የሱ ነበር፤
ዘንድሮ ሁለቱንም ትሠራለች እሷ፣
ትከሻውን ተበድራ ከአፈር።

ጥቅምት ሲጋመስ፣ መሬቱ ሳይጠጥር፣
ከነሥሩ ታወጣዋለች በመንሽ፣ አንገቱን ሳትሰብር።
አታጥበውም። አትቆርጠውም። ጭቃው ልብሱ ነው፤
ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አጋድማ ታኖረው፣
የውጭው ቅጠል ጠውልጎ የውስጡን እስኪያቅፈው።
በሩዝ ገለባ አሥር አሥሩን አስራ
በሰሜኑ ግንብ ጥግ ታቆመዋለች በተራ፣
ሥሩ ወደ መሬት፣ ጫፉ ወደ ሰማይ፣
አውቶቡስ እንደሚጠብቁ መንገደኞች፣ በማለዳ ብርድ ላይ።
ቤት አይገባም። ቤት ውስጥ ካንጉ አለ፣ በእሳት የሚሞቅ የጡብ አልጋ፤
ሙቀት ያታልለዋል፤ ያበቅለዋል ያለ ዋጋ።

የሰፈራችን ሰው የሚለው አለው፦
ሽንኩርት ውርጭ አይፈራም፣ የሚፈራው እጅ ነው።
እኔ ይህን ረስቼ ነበር፣
አሥራ አንድ ዓመት በጓንግዡ ማቀዝቀዣ ስገጣጥም፣
ብርድ በቁልፍ በሚታዘዝበት አገር።

ለአዲስ ዓመት መጣሁ፣ ሁለት ሌሊት በባቡር፣
ኪሴ ውስጥ ሁለት የመመለሻ ቲኬት፣ አንዱ ለሷ።
«ስምንተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት አለው፤ አትንሸራተቺም» አልኳት።
ካልሲ ትጥፍ ነበር። ክሩን በጥርሷ በጠሰች።
«እስቲ ይንጋ» አለች።

የዚያን ሌሊት ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት ገባ።
እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መልካም ልጅ ነኝና ባትሪ ይዤ ወጣሁ፣
ሽንኩርቱን በክንዴ እያቀፍኩ ወደ ምድጃው አመጣሁ።
እንደ ብርጭቆ ይንቃጨል ነበር።
ሠላሳ እስር። ቆጥሬያለሁ። ኮርቼ ተኛሁ።

ጠዋት ምድጃው ሥር አረንጓዴ ልጋግ፣
ሽታው እስከ በሩ። እናቴ ቆማለች ከደጃፉ ጥግ።
አንዱን አነሳችው፤ እንደ እርጥብ ገመድ ተንጠለጠለ ከጣቷ።
አልተቆጣችም። የከበደኝ ይህ ነው፣
ዝም ብላ መጥረጊያ ማንሳቷ።

ቀትር ላይ ጎረቤታችን ዣይ ያንግቼን በአጥሩ ላይ ጠየቃት፦
«ዩንሺያ፣ ሌባ ገባ እንዴ?»
«የለም» አለችው፣ «ደግ እጅ ነው የገባው።»
እሱ ሳቀ። እኔም እንደ መሳቅ አልኩ።

አንዲት እስር ቀርታ ነበር፣ በረዶ ቀብሯት፣ ባትሪዬ ያላያት።
እናቴ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያነሳ ሰው፣ ከነበረዶዋ አነሳቻት፣
ብርዱ በረንዳ ላይ አኑራ፣ ቀንና ሌሊት ተወቻት።
በማግስቱ ቅጠሉ ቀና።
በስስ ቂጣ ጠቅልለን፣ ከአኩሪ አተር ድልህ አጥቅሰን በላን፤
ነጩ ክፍል ጥርስ ሥር ጮኸ።
ስለ ቲኬቱ ማናችንም አላነሳን።

ጣቢያው ላይ አንዱን መለስኩ። ሴትዮዋ በመስኮት «ምክንያት?» አለችኝ፤
«ሽንኩርት» አልኩ፤ ቀና ብላ አየችኝ።

ከካፖርቴ ኪስ የክብሪት ቀፎ አገኘሁ፣ ግማሹ ድረስ ፍሬ።
አሁን በረንዳዬ ላይ፣ በቀለም ባልዲ፣ ቀጫጭን ሽንኩርት አለኝ፤
ውርጭ አያውቅም፤ ነጩ ከጣቴ አይበልጥም።
ፎቶውን ላኩላት። በድምፅ መለሰች፣ ከኋላዋ ነፋስ ያፏጫል፦
«አየሁት። አፈር ጨምርበት።»